ቍጥሩ ወረደ፤ ዋጋው ግን አልወረደም

በዚህ ግቢ ሁለት ዓይነት ተከራካሪዎች ያደክሙናል። አንደኞቹ «የዋጋ ንረቱ ወርዷልና እሮሮው ይብቃ» ይሉናል። ሁለተኞቹ «የመንግሥት ቍጥር ሁሉ ውሸት ነው» ብለው ያለ ምርመራ ይደመድማሉ። እኛ ሁለቱንም አንቀበልም።

ለፊተኞቹ መልሳችን ተራ ሒሳብ ነው። 100 ብር ይሸጥ የነበረ እህል በመጀመሪያው ዓመት 30 በመቶ ቢጨምር 130 ብር ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 15 በመቶ ብቻ ቢጨምር 149 ብር ከ50 ሳንቲም ይገባል። የንረቱ መጠን በግማሽ ወረደ፤ ዋጋው ግን ወጣ እንጂ አልወረደም። በነዚህ ሁለት ዓመታት ደመወዙ ወይም የምግብ በጀቱ ያልጨመረለት ሰው ቀድሞ ይገዛው ከነበረው እህል ሲሶውን አጥቷል። ይህን ሰው «ንረቱ ወርዷል» ብሎ ማጽናናት መሳለቅ ነው።

ለኋለኞቹ፣ ጥርጣሬያችሁ መሠረት የለውም አንልም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 የአርጀንቲና መንግሥት በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ እጁን አስገብቶ የዋጋ መለኪያ ክፍሉን ኃላፊ ከቦታዋ አነሣ። ከዚያ ወዲህ የሚታተመው ቍጥር ከገበያው ተለየ። ከዋጋ ንረት ጋር የተያያዘ ዕዳ ያለበት መንግሥት ቍጥሩ ባነሰ መጠን የሚከፍለውም ያንሳል። በ2011 የራሳቸውን ግምት ያወጡ የግል አማካሪዎች በግማሽ ሚሊዮን ፔሶ ተቀጡ። በ2013 የዓለም የገንዘብ ድርጅት በአገሪቱ ላይ ይፋ ወቀሳ አሳለፈ።

ነገር ግን ውሸቱ የተጋለጠው በሐሜት ሳይሆን በቈጠራ ነው። ያን ጊዜ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው አርጀንቲናዊው አልቤርቶ ካቫሎ ትላልቅ መደብሮች በኢንተርኔት የሚያወጡትን ዋጋ በየቀኑ ይመዘግብ ጀመር። ያገኘው ንረት መንግሥት ካወጀው ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። በዚያው ዘዴ ብራዚልን፣ ቺሊንና ኮሎምቢያን ሲመረምር ግን የእርሱና የመንግሥታቱ ቍጥር ተቀራረበ። እንግዲህ ሁሉም አይዋሽም፤ ሁሉም እውነት አይናገርም። የሚለያቸው መዝገብ ነው።

አባቶቻችን «የነገሩን ሥሩን፣ የውሃን ጥሩን» ይላሉ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ ቍጥር ባወጣ ጊዜ ሁሉ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ዋጋው ከየትኛው ገበያ ተሰበሰበ? ለእህል፣ ለቤት ኪራይና ለትራንስፖርት ምን ያህል ሚዛን ተሰጠ? ቈጣሪውን ሊሽር የሚችለው ማን ነው?

መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የኢኮኖሚክስና የስታቲስቲክስ ተማሪዎችና መምህራን በግቢያችን ዙሪያ የጤፍን፣ የሽንኩርትን፣ የዘይትንና የከሰልን ዋጋ በየወሩ በተወሰነ ቀን፣ ከተወሰኑ ሱቆች፣ በአንድ መስፈሪያ እንመዝግብ። ሰፈራችን አገር አለመሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ከባዶ እጅ ይሻላል። መዝገባችን ከመንግሥቱ ቍጥር ጋር ቢስማማ በይፋ እንመስክር፤ ባይስማማ ዘርግተን ምክንያቱን እንጠይቅ። የተማርነው ለዚህ ካልሆነ ለምን ኖሯል?