ሙቀት በክብደት አይለካም

ተማሪዎች ሆይ፥ ወደ ራስ ደጀን ወይም ወደ ባሌ ሰነቴ አምባ ለመጓዝ የተነሣ ሰው ጓዙን ሲያሰናዳ አስቀድሞ የሚፈልገው ከሁሉ የከበደውን ካፖርት ነው። ልብስ በከበደ መጠን ይሞቃል የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ የጸና ነውና። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ለደጋ ጉዞ ጃኬት ስትመርጡ መጠየቅ የሚገባችሁ «ስንት ይመዝናል?» ብላችሁ ሳይሆን፥ «ምን ያህል አየር ይይዛል? ሲርስስ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ነው።

በመሠረቱ ልብስ ሙቀትን አይፈጥርም። ሙቀትን የሚፈጥረው ሰውነታችን ነው፤ የልብስ ተግባር ይህ ሙቀት እንዳይባክን መጠበቅ ነው። ጠባቂውም ክሩ ወይም ላባው ራሱ ሳይሆን፥ በመካከሉ ታግቶ የማይንቀሳቀሰው አየር ነው። ውኃ ሙቀትን በማስተላለፍ አየርን ከ20 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ስለሆነም ልብስ ሲርስ የአየሩን ቦታ ውኃ ይወስድና ያሞቀን የነበረው ልብስ ሙቀታችንን ይነጥቀናል።

የከባዱ ካፖርት ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ዳገት ሲወጣበት ያልባል፤ ላቡ የውስጥ ልብስን ያረጥባል፤ መንገደኛው ዐረፍ ሲል ነፋሱ ሰውነቱን ያቀዘቅዘዋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል፤ ራስ ደጀን ደግሞ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። ይሁን እንጂ ለሞት የሚያደርሰው ውኃን በረዶ የሚያደርገው ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም። ልብሱ የራሰ ሰው ነፋስ ካገኘው፥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በላይ ቢሆንም እንኳ የሰውነቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ይንቀጠቀጣል፤ እጁ አዝራር መቆለፍ ይሳነዋል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ታማሚው ራሱ አደጋውን አለመገንዘቡ ነው።

ቀላል ልብስ ያሞቃል የሚለው አሳብ በአንድ ወቅት መሳቂያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ኤቨረስት ተራራ ከተጓዘው የእንግሊዝ ቡድን አባላት አንዱ የኬሚስትሪ ምሁሩ ጆርጅ ፊንች ነበር። ጓደኞቹ የሱፍ ኮትና ሹራብ ሲደራርቡ፥ እርሱ ከባሎን ጨርቅ ተሰፍቶ ለስላሳ የዳክዬ ላባ የተሞላ ካፖርት ይዞ መጣ። ተሣቀበት። እርሱ ግን ከ8,000 ሜትር በላይ ወጥቶ እስከዚያ ቀን ሰው ካልረገጠው ከፍታ ደረሰ፤ የኦክሲጅን መሣሪያ መያዙም እንደረዳው አይካድም።

«አባቶቻችን ይህን ሁሉ ተራራ በጋቢ ተሻግረውት የለምን?» የሚል አይጠፋም። ጋቢ በደረቅ ሌሊት፥ በምድጃ ዳር አቻ የለውም፤ ነገር ግን ጥጥ ነው፤ ዝናብ ከጠጣ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። የመንዝ ደገኛ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ከበግ ጠጉር በርኖስና ዝተት የሠራው፥ እረኛውም ደበሎ የሚደርበው ስለዚህ ነው፤ የበግ ጠጉር ቢርስም ሙቀቱን ፈጽሞ አይለቅምና። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከጓሳ ሣር የተሠራውን ገሳ ከላይ ይጭንበታል። አንዱ አየር ይይዛል፥ ሌላው ውኃ ይመልሳል። የዛሬ ተራራ ወጪዎች ሞቃቱን ጃኬት ከውስጥ፥ ስሱን የዝናብ ልብስ ከላይ የሚያደርጉት በዚሁ ብልሃት ነው።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ? ላባ የተሞላው ጃኬት ከክብደቱ አንጻር ሙቀቱ ተወዳዳሪ የለውም፤ ግን ሲርስ ላባው ተጣብቆ ይሟሽሻል። ለኅዳርና ለታኅሣሥ ደረቅ ብርድ እመርጠዋለሁ። በክረምት፥ በባሌም በበልግ ለሚጓዝ ግን ሰው ሠራሽ ጭረት የተሞላው ይሻላል፤ ጥቂት ቢከብድም እርጥበትን ይችላል፥ ዋጋውም ይቀንሳል። ከልባሽ ጨርቅ ተራ የምትገዙ ከሆነ በስሙና በቀለሙ አትታለሉ። በጡጫችሁ ጨምቃችሁ ልቀቁት፤ ቶሎ ካበጠ ውስጡ ደኅና ነው። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ባዶ ሥፍራ እንዳለው ተመልከቱ። ሹራብ ከሥሩ የሚያስለብስ ስፋት ይኑረው፤ ከጠበበ አየሩን ያፍነዋልና።

ዳገት ስትወጡ አትልበሱት። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከቦርሳችሁ አፍ ላይ አስቀምጡት፤ ለዕረፍት በቆማችሁ ጊዜ ብርዱ ሳይሰማችሁ አውጥታችሁ ደርቡት።