እሪታችን በከንቱ እንዳይቀር

በውጭ አገር የቲያትርና የኮንሰርት ቲኬት ኢንሹራንስ ይሸጣል። «ለእኛም ይምጣልን» የሚሉ አሉ። እኔ ግን እቃወማለሁ። ያ ኢንሹራንስ በአብዛኛው የሚክሰው ታሞ ወይም አደጋ ደርሶበት የቀረውን ተመልካች ነው። የታመመማ ቲኬቱን ለጓደኛው ይስጥ! የእኛ ብሶት ዝግጅቱ ራሱ ሲሰረዝ ነው። ለዚህም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1815፣ ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው እንዲመለሱ ያዛል። ታዲያ በሕግ የሚመለስልንን ገንዘብ ለማስመለስ ሌላ ገንዘብ የምንከፍለው ስለ ምንድን ነው? ይልቅስ ገንዘቡ የሚመለስበት ቀንና ቦታ በየቲኬቱ ላይ እንዲታተም በአንድነት እንጠይቅ። ደረሰኛችንንም አንጣል። አራዳ ውስጥ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር አለን፤ አንዱ ይበቃናል!