«ለምን ቆመ?» እና «ማን አቆመው?»

ከባሕር ማዶ የተመለሰ ሰው ያየውን እንዲናገር መጠየቁ የቆየ ልማድ ነው። መናገሩም ደግ ነው። ዳሩ ግን ለብዙ ዘመን የታዘብሁት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ተጓዡ የፎቁን ከፍታ፣ የባቡሩን ፍጥነትና የመንገዱን ንጽሕና ዘርዝሮ ሲያበቃ፣ «እኛስ መቼ ይሆን?» ብሎ በትካዜ መደምደሙ ነው። አድማጩም አብሮት ይተክዛል፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ ተሰናብቶ ይሄዳል። በማግሥቱ ተናጋሪውም ሰሚውም ወደ ትናንቱ ሥራቸው በትናንቱ አኳኋን ይመለሳሉ።

እኔ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪና ጠጋኝ ነኝ። የለመድሁት ካቻቢቴና ፒንሳ እንጂ ብዕር አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ለሁለት ወር ትምህርት ወደ ጃፓን፣ ናጎያ ወደምትባለው ከተማ ተልኬ ነበር። ከተመለስሁ ወዲህ በየስብሰባው ስለ ጃፓን የሚነገረውና እኔ በዓይኔ ያየሁት አልገጥም ስላለኝ፣ ዝም ማለትም ስለ ከበደኝ ይህን ጻፍሁ። (ስለ ጃፓን የማነሣቸው ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ስለ አገራችን የማነሣቸው እንደ እኛው ናቸው።)

የሚነገረው ይህ ነው፤ «ጃፓኖች የበለጸጉት ሥራ ስለሚወዱ ነው፤ የእኛ ሠራተኛ ግን ሰነፍ ነው።» ይህን ቃል ከሹማምንት አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ከመምህራንም ሰምቼዋለሁ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ከሠራተኛው ከራሱ አፍ መስማቴ ነው። ሁለት ወር ከጃፓን ሠራተኞች ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆሜ ውያለሁ፤ ከመካከላቸው ትጉሁም፣ ሰዓት የሚቆጥረውም፣ ለማጨስ ሰበብ የሚፈልገውም ነበረ። ሥራ መውደድ ብቻውን አገር የሚያቀና ቢሆንማ ኖሮ፣ እነርሱ ራሳቸው ከሥራ ብዛት ለሚመጣው ሞት «ካሮሺ» የሚል ስም ባላወጡለት፣ ይህንኑም ለመከላከል በ2014 ሕግ ለማውጣት ባልተገደዱ ነበር። ልዩነቱን ያገኘሁት ሌላ ቦታ ነው፤ ያገኘሁትም በራሴ ጥፋት ነው።

ሥራ በጀመርሁ በሦስተኛው ቀን የተሰጠኝን መኪና የድር መወጠሪያ ብሎን ከልክ በላይ አጥብቄው ኖሮ፣ ድሩ ተበጣጥሶ መኪናው ቀጥ አለ። እጄን ወደ ኋላዬ ሸሸግሁ። ይህን የማደርገው ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ ሰውነቴ ያውቀዋል። ሽማግሌው ካቦ መጣ፣ እጅ ነሣኝ፣ በአስተርጓሚም፣ «ለምን ቆመ?» አለኝ። ክሩ ስለ ተበጠሰ ነው አልሁት። «ክሩ ለምን ተበጠሰ?» አጥብቄው ነው። «ለምን አጠበቅኸው?» የልኩ ምልክት አልታይ ብሎኝ። «ምልክቱ ለምን አልታየህም?» አብረን ጎንበስ ብለን አየን፤ በዘይት ጨርቅ ሲወለወል ኖሮ ምልክቱ ጠፍቷል። «ለምን በቀለም ብቻ ተጻፈ?» ለዚህኛው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እርሱ ራሱ ነበርና ሣቀ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ ተራ ባሉት መኪናዎች ሁሉ ላይ ምልክቱ በብረት መቅረጫ ተቀረጸ። ስሜን የጠየቀኝ፣ በመዝገብም የጻፈኝ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የአገሬን ልንገራችሁ። ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ በምሠራበት ፋብሪካ የአንዱ መኪና ኩሽኔታ መጮህ ጀመረ። ቆሞ ይፈተሽ ብዬ አመለከትሁ። «አንተ ሥራህን ሥራ፤ ማቆም የእኛ ፈንታ ነው» ተባልሁ። በሦስተኛው ቀን ዘንጉ ተሰበረ። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለ ሆነ መኪናው አራት ወር ሙሉ ሸራ ለብሶ ቆመ። ኮሚቴም ተቋቋመ፤ የኮሚቴው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ የመጨረሻውም ጭምር፣ «ማን አቆመው?» የሚል ነበር። በቃለ ጉባኤው ራስጌ የተጻፈው ስም የእኔ ነው፤ የግማሽ ወር ደመወዜም ተቆረጠ። ያንን ኩሽኔታ ዘይት የነፈገው ምን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

በናጎያ በዕረፍት ቀናችን አንድ ቤተ መዘክር አስጎበኙን። በ1911 ለሽመና መኪና መፈተኛ በተመሠረተው ፋብሪካ ቦታ ላይ በ1994 የተከፈተ፣ የቀይ ጡብ ግንብ ያለው ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባለው ሰው ያበጃቸው የሽመና ዕቃዎች ከእንጨቱ እስከ ብረቱ በተራ ቆመዋል። ሰውየው በ1867 የተወለደ የአናጢ ልጅ ነው። የመንደሩ ሴቶች ሲሸምኑ እያየ ያደገ ሲሆን፣ ድካማቸውን ለማቃለል በ1890 ከእንጨት የተሠራ የእጅ መሸመኛ አወጣ። ሲያሻሽል ኖሮ በ1924 ደግሞ ያለ ሰው ረዳት መወርወሪያውን የሚለውጥ መኪና ፈጸመ። አስጎብኚይቱ መኪናውን አስነሥታ ስታበቃ አንዲት ክር ሆን ብላ በጠሰች። በእያንዳንዱ የድር ክር ላይ ስስ የብረት ቅጠል ተንጠልጥላለች፤ ክሩ ሲበጠስ ቅጠሏ ትወድቃለች፤ ወድቃም ያን ሁሉ ብረት ታቆመዋለች። ሌሎቹ ጎብኚዎች አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብሁም፤ አባቴን አስቤ ነበር።

አባቴ ሸማኔ ነው። ከጋሞ ደጋ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ ጉድጓዱን ቆፍሮ አርባ ዓመት የሸመነ ነው። እርሱም ክር ሲበጠስ በጣቱ ሳይሆን በጆሮው ያውቅ ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን የየአባታችንን ሥራ እንድንናገር ተራ በተራ ሲያስነሡን፣ «ነጋዴ» ብዬ ተቀመጥሁ። የዋሸሁት ስለማፍርበት አልነበረም፤ ከእኔ በፊት እውነቱን የተናገረ አንድ የቀጥቃጭ ልጅ በክፍሉ ሲሣቅበት ስላየሁ ነው። መምህሩም ሣቁን አልከለከሉም።

ወደ ቶዮዳ ልመለስ። የዚያን የሽመና መኪና የሥራ መብት አንድ ታላቅ የእንግሊዝ ፋብሪካ በ1929 ገዛው። የሰውየው ልጅ ኪይቺሮ በ1933 በዚያው የሽመና መኪና ፋብሪካ ውስጥ የተሽከርካሪ ክፍል ከፈተ፤ በ1937 ቶዮታ የሚባለው ኩባንያ ራሱን ችሎ ቆመ። አንባቢ ሆይ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደጅ ተሰልፎ የሚታየው ላንድክሩዘር የሽመና ዕቃ የልጅ ልጅ ነው። በእርሱ ተቀምጠው በሽሮ ሜዳ የሚያልፉ ክቡራን ሰዎች፣ በግራና በቀኝ ከተሰቀለው ጥበብ ኋላ የተቀመጠውን ሸማኔ «እስቲ ይህ ዕቃህ በምን ይሻሻል?» ብለው ጠይቀውት ያውቃሉን? ለበዓል ነጠላ ሲሸምቱ ዋጋ ከመከራከር በቀር?

ሳኪቺ ለመኪና የሰጠውን ሥልጣን ተከታዮቹ ለሰው ሰጡት። ይህን ካደረጉት አንዱ ታይቺ ኦኖ ነው፤ እርሱም በ1932 ሥራ የጀመረው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካቸው ሲሆን፣ ወደ ተሽከርካሪው ፋብሪካ የተዛወረው በ1943 ነው። ጉድለት ያየ ሠራተኛ የሚስበው ገመድ ከራስጌው ተዘረጋለት፤ ዛሬ በአንዳንዱ ቦታ በገመዱ ፈንታ ቁልፍ አለ። ሲስበው አለቃው ይመጣል፤ ነገሩ ካልተቃና መሥመሩ ይቆማል። ከ1951 ጀምሮም የሠራተኛው ሐሳብ እየተጻፈ የሚመረመርበት ሥርዓት አቆሙ። እንግዲህ ክር ሲበጠስ ለመውደቅ ለአንዲት የብረት ቅጠል የተፈቀደላትን ያህል እንኳ ለእኔ በአገሬ አልተፈቀደልኝም።

ጃፓንን መልአክ ማድረጌ አይደለም። በዚያው የሽመና ብልጽግና ዘመን ሴቶች ሠራተኞቻቸው የከፈሉትን መከራ፣ ራሱ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው ሆሶይ ዋኪዞ በ1925 መጽሐፍ አድርጎ አውጥቶታል። ቆዳ ፋቂውንና ከብት አራጁን ሲንቁ የኖሩ ሕዝብ ናቸው፤ ይህን የመደብ ልዩነት በ1871 በአዋጅ ቢሽሩትም፣ ንቀቱ ከልብ አልወጣ ብሎ በ2016 ሌላ ሕግ አስፈልጓቸዋል። እኛም ዘንድ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውን ሳይቀር በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከሰባ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የተወለድሁት እኔ፣ የአባቴን ሥራ በክፍል ውስጥ ደበቅሁ።

ጃፓንን ለማየትም እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ሄደው አይተዋል፤ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍም ጽፈዋል። በዚያው ዘመን ከጃፓን የሚመጣው የጥጥ ጨርቅ ገበያችንን አጥለቅልቆት ነበር። መጽሐፉን አነበብን፤ ጨርቁንም ለበስን። መሸመኛው ግን ጉድጓዱ ዳር እንደ ነበረ ቀረ።

ዛሬ ደግሞ «ካይዘን» አለን። ለዚሁ የሚሠራ ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ሐሳቡን አልነቅፍም፤ እኔም የተላክሁት በዚያው ስም ነው። የምነቅፈው እኛ በየቤታችን ያደረግነውን ነው። በእኔ ፋብሪካ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያለ የሚቀጥለው ትእዛዝ ግድግዳው ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፤ ወለሉ ላይ ቢጫ መሥመር ተሰምሯል፤ እንግዳ የሚመጣ ዕለት ይታጠባል። የሐሳብ መስጫ ሣጥንም ተሰቅሏል። የሣጥኑ ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ ብጠይቅ ሦስት ክፍል አዙረውኝ ሲያበቁ፣ «ምን ልትጽፍ ነው?» አሉኝ። የጉዞዬን ሪፖርት በአሥራ አንድ ገጽ ጽፌ ባቀርብም የተጠየቅሁት፣ «ፎቶግራፍ አለው?» ተብዬ ነው።

«ሠራተኛው ሁሉ መኪና እያቆመ ቢጫወትብን ሥርዓት ይፈርሳል» የሚል አለቃ እንዳለ አውቃለሁ፤ በፊቴም ብሎኛል። መልሴ ይህ ነው፤ ማቆም የተፈቀደለት ሰው ለምን እንዳቆመ መልስ መስጠት ይገባዋል፤ ይህም ዝም ብሎ ከመታዘዝ የከበደ ሸክም ነው። በናጎያ አምስቱን «ለምን» በመለስሁበት ቀን ያጠፋሁት ኃይል፣ በአገሬ በስምንት ሰዓት ፈረቃ ከማጠፋው ይበልጣል። ደግሞስ በሸራ ተሸፍኖ አራት ወር የቆመው መኪና የማን ጨዋታ ነበር? «ገንዘብ የላቸውም፣ መኪናቸው ያረጀ ነው» ለሚሉም፣ ገመድ በስንት ብር እንደሚገዛ ገበያ ወጥተው እንዲጠይቁ እለምናለሁ።

ባለፈው ሳምንት በእኔ ፈረቃ ሰባት ቁጥር መኪና ቆመ። በላዩ የተመደበው ከሙያ ትምህርት ቤት ከወጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ወደ እርሱ ስሄድ ገና ከሩቅ አይቶኝ ሁለት እጁን ወደ ኋላው ሸሸገ። «ወንድሜ፣ ለምን ቆመ?» አልሁት።

«እኔ አይደለሁም» አለኝ።