ረጅሙን ልጅ ከቅርጫቱ ሥር አትገትሩት

በአካባቢያችን ቁመቱ ከእኩዮቹ የላቀ ታዳጊ ቢገኝ፣ ብዙ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ቅርጫቱ ሥር አቁሞ ኳስ ያስለቅመዋል። ይህ ተሰጥኦውን ማባከን ነው። ናይጄሪያዊው ሀኪም ኦላጁዋን በልጅነቱ የእግር ኳስ በረኛና የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ቅርጫት ኳስን በአሥራዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ሊግ በኤንቢኤ የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የመጀመሪያው ተመራጭ ሆነ። ግዙፍ ተከላካዮችን ያስጨነቀው በእግሩ ቅልጥፍና ነው፦ ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ሰበቅ ያደርግና፣ ተከላካዩ ሲከተለው ዞሮ በሌላው ያመልጣል።

«ሜዳና ኳስ ሳይሟላ ረጅሙን ልጅ የእግር ቅልጥፍና ማስተማር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። እጥረቱ እውነት ነው፤ የእግር አጣጣል ልምምድ ግን ቅርጫት እንኳ አይጠይቅም። ደቡብ ሱዳናዊው ካማን ማሉዋች በ17 ዓመቱ ፓሪስ ኦሊምፒክ መሰለፉን አይቶ መቸኮልም ስህተት ነው፤ ከዚያ በፊት ሴኔጋል በሚገኘው የኤንቢኤ አካዳሚ ዓመታት ተምሯል። ስለዚህ ጊዜ እንስጠው፤ ታዳጊው የእግር አጣጣልንና ኳስ ማቀበልን ሲማር እየተሳሳተ ጨዋታ እንሸነፍ ይሆናል፤ እንሸነፍ።