የቲሙ 18 ዓመት ሲሞላውስ?



ባለፈው ክረምት ለእረፍት ማጀቴ ስሄድ አብሮኝ የተማረ አንድ ልጅ አገኘሁ። ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት አጎቱ ቤት ነው ያደገው። የደብተሩንና የልብሱን ወጪ አንድ የእርዳታ ድርጅት ይሸፍንለት ነበር። 18 ዓመት ሲሞላው ስሙ ከመዝገብ ወጣ። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ነጥብ አልመጣለትም። አሁን ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሽንኩርት እርሻ ላይ በቀን ሥራ ያድራል። ምን ሆነህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ «ዕድሜህ ሞልቷል ተባልኩ» አለኝ።

እስቲ ራሳችንን እንይ። እዚህ ግቢ ያለን ሁላችንም ማለት ይቻላል 18 ዓመት አልፎናል። ታዲያ ገንዘብ ሲያልቅብን ቤት እንደውላለን፤ አባት ወይም ታላቅ ወንድም በቴሌብር ይልካል። ግቢው ሲዘጋ የምንገባበት ቤት አለን። ዕድሜያችሁ ሞልቷል ያለን የለም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ወላጅ ያለው ልጅ ቢወድቅ አንድ ዓመት ቤቱ ተቀምጦ በግል ይፈተናል። ለየቲሙ ግን ፈተናውና የድጋፉ መቋረጥ አንድ ላይ ይመጡበታል።

አንዳንድ ወንድሞች «ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው የቲም አይባልም» ይላሉ። ልክ ነው፤ በሐዲስ መጥቷል። ነገር ግን የቲም የሚለው ስም ስለቀረለት ችግሩ አልቀረለትም። ያጣ ከሆነ ፈቂር ወይም ሚስኪን ነው፤ ከዘካ ድርሻ አለው።

የሱረቱ ኒሳእን 6ኛ አንቀጽ ደግሞ ልብ እንበል። አላህ (ሱ.ወ) አሳዳጊዎችን ያዘዘው የቲሞችን ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርሱ እንዲፈትኗቸው፣ ሩሽድን ማለትም ራስን የማስተዳደር ብስለትን ካዩባቸው ገንዘባቸውን እንዲሰጧቸው፣ ሲያስረክቡም ምስክር እንዲያቆሙ ነው። ዕድሜ ብቻውን አልበቃም፤ ሩሽድ ተጨምሮበታል። ዑለማዎችም ይህን መፈተን ሲያብራሩ ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ ሲገዛና ሲሸጥ መመልከትን ይጠቅሳሉ። ስለዚህ ዝግጅቱ ከ18 በፊት ይጀምራል፤ ብስለቱ እስኪታይም ይቀጥላል።

ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የ8 ዓመት ልጅ ሳሉ አያታቸው አብዱል ሙጦሊብ ሞቱና አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተረከቧቸው። አቡ ጧሊብ ለንግድ ወደ ሻም ይዘዋቸው ሄዱ። በ25 ዓመታቸው ኸዲጃን (ረ.ዐ) ሲያገቡም ከጎናቸው ነበሩ። ከነቢይነት በኋላም እስከ ሞታቸው ድረስ ከቁረይሽ ተከላከሉላቸው።

በእኛ አገር ጉዳዩ ከመሬትም ጋር ይያያዛል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 እናትና አባታቸውን ያጡ ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በሕጋዊ ሞግዚት አማካይነት በመሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደንግጎ ነበር። ብዙ አጎቶችና አክስቶች ከገዛ ልጆቻቸው ጉሮሮ ቀንሰው የቲም ያሳደጉ ናቸው፤ አላህ ይመንዳቸው። ግን የይዞታ ደብተሩን አይቶ የማያውቅ ልጅ 18 ሲሞላው ምን ብሎ ይጠይቃል? በቃል ብቻ የቆየ ነገር ዘመድን ያጣላል። ምስክር ማቆም የታዘዘው ለሁለቱም ወገን ደህንነት ነው።

ጊዜውም እየደረሰ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በዙሪያው በደረሰው ጥፋት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች አሉ። ያኔ 12 እና 13 ዓመት የነበሩት አሁን ለ18 ደርሰዋል።

ለጀመዓችን ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የምንረዳቸው የቲሞች 18 ሲሞላቸው ስማቸው እንዳይሰረዝ፤ ሁለት ዓመት ይጨመርላቸው። «ለትንንሾቹ ያለው ይቀንሳል» የሚል ስጋት ይነሳል፤ ስጋቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ የትልልቆቹ ወጪ ከዘካ በተለየ ሒሳብ ይያዝ፤ የትንንሾቹ አይነካ። ሁለተኛ፣ ለክረምት ወደ አገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን አንድ ልጅ እንያዝ። ለፈተና እናስጠናው፣ ሙያ መማር ከፈለገ ጋራዥ ወይም የልብስ ስፌት ቤት አብረነው እንሂድ፣ መታወቂያ እንዲያወጣ እንርዳው። ሦስተኛ፣ ሕግ የምታጠኑ ወንድሞችና እህቶች ከሽማግሌዎችና ከመስጊድ ኢማሞች ጋር ሆናችሁ የመሬትና የንብረት ርክክቡ በምስክር ፊት በጽሑፍ እንዲሆን አግዙ።

ከሦስቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ብቻ ነው። የቀሩት የሚፈልጉት ሰው ነው፤ ሲጨንቀው የሚደውልለት፣ ለዒድ «ና ወደ ቤት» የሚለው ሰው።

ያንን ልጅ በየጁሙዓው እደውልለታለሁ። ለሚቀጥለው ፈተና በግል ሊመዘገብ ተስማምተናል፤ መጻሕፍቱን እኔ እወስድለታለሁ፣ ኢንሻአላህ። እናንተስ ማንን ታውቃላችሁ?