ለማለፊያ የተጻፈ ቃል

የኮምፒዩተር ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎች ሁሉ የምናውቃት አንዲት መስመር አለች። ወደ ሊኑክስ ከርነል የሚገባ ፕሮግራም ስንጽፍ፥ ፈቃዱ «ጂ.ፒ.ኤል.» ነው ብለን እናሰፍራለን። ለምን ጻፋችሁ ብንባል ግን አብዛኞቻችን «ያለዚያ አይገባም» ከማለት በቀር መልስ የለንም። በበኩላችን ይህች መስመር የበር ቁልፍ ሳትሆን ቃል ኪዳን ናት እንላለን።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከት። ከርነል የስርዓተ ክወናው እምብርት ነው፤ ሜሞሪውን፥ ዲስኩንና ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው እርሱ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊኑክስ፥ ከ1992 ወዲህ የሚሰራጨው በጂ.ፒ.ኤል. ፈቃድ ነው። ይኸውም የተቀበለው ሁሉ ሊጠቀምበት፥ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው ይችላል፤ ለሌላ ሲሰጥ ግን ምንጭ ኮዱን በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ኢ.ቢ.ፒ.ኤፍ. በሚባለው ዘዴ፥ ተጠቃሚ የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም ከርነሉን ሳይለውጥ ወደ ውስጥ ሊገባ ችሏል። ሲገባም ከርነሉ ሁለት ነገር ይመረምራል፤ ፕሮግራሙ ጉዳት የማያደርስ መሆኑን፥ ፈቃዱም ምን እንደሆነ። ከከርነሉ አጋዥ ተግባሮች ብዙዎቹ ለማንም ክፍት ናቸው። ሌሎቹ ግን፥ ለምሳሌ የከርነሉን ሜሞሪ የሚያነቡት፥ ከጂ.ፒ.ኤል. ጋር የሚስማማ ፈቃድ ላለው ብቻ የተጠበቁ ናቸው።

«በገዛ ድካማችን ላይ ማን ያዘናል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከከርነሉ ውጭ ሆኖ በተለመደው የሲስተም ጥሪ የሚሠራን ፕሮግራም ፈቃዱ እንደማይነካው ከከርነሉ ጋር በሚሰራጨው ጽሑፍ ተገልጿል። ለራሳችን ብቻ የያዝነውንም አውጡ የሚለን የለም። የሚጠየቀው በሰው ቤት በሰው መሣሪያ ሠርቶ፥ ሥራውን ለሌላ የሚያስተላልፍ ነው። ደግሞም ምንጩ የተሰወረ ሞጁል የገባበት ከርነል «የተበከለ» የሚል ምልክት የሚደረግበት በከንቱ አይደለም፤ ያላዩትን ኮድ ብልሽት ማን ይመረምራል?

እርግጥ ነው፥ ከርነሉ የሚያነበው ቃሉን እንጂ ልባችንን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የሞደም ሞጁል አሰራጭ ኩባንያ «ጂ.ፒ.ኤል.» ከሚለው ቀጥሎ የጽሑፍ ማብቂያ ምልክት ከተተና፥ ፈቃዱን የሚገድበውን ሐረግ ከዚያ በኋላ ጻፈው። ከርነሉም የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ አሳለፈው። ማሽን እንዲህ በቀላሉ ይታለላል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የሚያርፈው በጸሐፊው ክብር ላይ ነው።

እኛስ? ዛሬ ለፈተና ብለን የገለበጥናትን መስመር፥ ነገ ተመርቀን በምንገባበት መሥሪያ ቤት ምንጩን ሰውረን ለምንሸጠው ሥራ እናውላት ይሆን? አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ለንግግር ብቻ አይደለም። ሥራችንን ልንሰውር ከፈለግን ክፍት በሆኑት ተግባሮች እንወሰን፥ ወይም ከከርነሉ ውጭ እንሥራ። «ጂ.ፒ.ኤል.» ብለን ከጻፍን ግን፥ ፕሮግራሙን የሰጠነው ሰው ምንጩን ሲጠይቀን ሳናቅማማ እንስጠው።