ኦርዮ የተሸከማት ደብዳቤ

ግዳጅ የለያያቸው ባልና ሚስት ሊያስቡበት የሚገባ ታሪክ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 11 ተጽፎ ይገኛል። የእስራኤል ሠራዊት በዛሬይቱ አማን ሥፍራ የነበረችውን ረባትን ከቦ ሲዋጋ፣ ንጉሥ ዳዊት ግን በኢየሩሳሌም ቀርቶ ነበር። ከሰገነቱ ላይ ሆኖ የወታደሩን የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን አየ፤ ልኮም አስመጣት። መፅነሷን በሰማ ጊዜ ጥፋቱን ለመሸፈን ሲል ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አዘዘው። ኦርዮ ግን ጓዶቹ በሜዳ ሰፍረው ሳሉ በቤቱ መተኛትን ተጸይፎ በቤተ መንግሥቱ ደጃፍ አደረ። በመጨረሻም ንጉሡ የኦርዮን ሞት የምታዝዝ ደብዳቤ ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ላከ።

እነሆ፣ ምኞት ዝሙትን፣ ዝሙት ተንኰልን፣ ተንኰልም ግድያን አስከተለ።

ዛሬ ሰገነቱ በየኪሳችን ነው። በእጅ ስልክ የተጀመረ የድብቅ ጨዋታም ሆነ ከትዳር የተሸሸገ ደመወዝ፣ ሌላ ውሸት ካልደገፈው አይቆምም። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። ዳዊትም ምሕረት ያገኘው ነቢዩ ናታን ሲገሥጸው በደሉን ባመነ ጊዜ ነው፤ ምእመናን ዘወትር የሚደግሙት መዝሙር 50 የዚያ ንስሐ ጸሎት ነው።

ሆኖም ንስሐው ዳዊትን አዳነ እንጂ ኦርዮን ከመቃብር አልመለሰም። እንግዲህ ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ፣ በደሉ ገና ሊካስ በሚችልበት ሰዓት ይናገሩ። እውነትን ለመናገር የሚደፍርና የተናገረውን ይቅር ለማለት የሚታገሥ ፍቅር፣ ክርስቲያናዊ ፍቅር እርሱ ነው።